የቡሬ መጋዘን አቧራ

ኅዳር ተጋመሰ፣ ክረምት ግን አልወጣም፤
በቆሎው እንደ ወጉ ፀሐይ ላይ አልተሰጣም፤
ጥሬውን፣ እርጥቡን፣ ጆንያ ውስጥ ሞጅረው
ቡሬ፣ መጋዘን ውስጥ ዘጉበት ከምረው።

የካቲት ላይ በሩ ሲከፈት በግፊያ
አረንጓዴ ብናኝ ቦነነ ከጆንያ።

አንሙት ተሸከመ። (ሁለት ከቀበረች
በኋላ ነው እናቱ ይህን ስም ያወጣች።)
ኩንታል በትከሻው፣ አፉ ላይ ሻሽ አስሮ፤
ሻሹስ ምን ሊያስቀር ነው? ያ ዘር፣ እንደ ወንፊት፣
በክርና በክር መሃል ያልፋል በርሮ።
ስንቱን ማገ በቀን? እኔ አልቆጠርኩለትም፤
ላቦራቶሪ ነኝ፤ መስታወት ላይ ተቀብቶ
ያልመጣልኝን አልቆጥርም።

ማታ ተኛ አንሙት። ሳንባው ግን አልተኛ፤
በየአየር ከረጢቱ ይዞራል ዘበኛ፣
የገባውን ሁሉ በጣት እየዳሰሰ፤
ዘሩ ግን ብልጥ ነው፣ ሰም ነው የለበሰ።
ዘበኛው ዳበሰው፤ ለሰለሰው፤ ተወው፤
“ትቢያ ነው” ብሎ አለፈው።

ዘሩም ሞቀውና፣ ጠጣና፣ አበጠ፤
ማበጥ ጣጣ አለው፤ ካባው ጠበበና ሰሙ ቀለጠ፤
ከሥሩ ግድግዳው፣
ስኳር በስኳር ላይ የተማገረበት፣
ራቁቱን ታየ።

እዚህ ላይ ስደርስ እኔ እፈዝዛለሁ።
ዲማ፣ ከጉባኤው ጥግ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤
ሰሙን አበጅ ነበር፣ ወርቁ ግን ጠፋብኝ፤
መምህሬ ሰልችተው፣ “ልጄ፣ ሌላ ሞያ” ብለው መረቁኝ።
ይህ ሕዋስ ግን ጨዋ ነው፤
ደበሎ ያልለበሰ፣ ቁራሽ ያልለመነ፣ ፊደል ያልቆጠረ፤
ጣቱ ያን ግድግዳ ገና እንደ ነካካ
ቅኔውን ፈታው፦ ሻጋታ ነው ለካ!

ከማን ተማረው? ከማንም አይደለም።
የመጋዘኗ ዝንብ እንኳ ይህን ቃል አትስተውም።

ከዚያ ወዲያ ጥሪ ነው። በደም ጎዳና
መጡ ጎረምሶቹ፣ ከዐጥንት መቅኔ ገና
ትናንት የተወለዱ፣ ነገን የማያዩ።
አንዳንዱ ዋጠና፣ ሆዱ ውስጥ በረኪና
ጠምቆ አቃጠለው፤
አንዳንዱ፣ ዘሩ ክር አውጥቶ ላፉ ሲበዛበት፣
የገዛ ዘረመሉን ተርትሮ እንደ መረብ ጣለበት፤
ሞተ። አጠመደ።
የቱ እንደሚቀድም ማን ያውቃል?

ነጋ። አንሙት ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንትፍ አለ፣
በእግሩ አፈር መለሰበት።
ያ ነው ቀብራቸው። ሻሹን አራግፎ ሲሸከም ዋለ።

ልየውም ነበረ ያንለት፣ ከሚዛኑ ኋላ፣
ኩንታል የሚመዘግብ፤
የደም ካንሰሩ መድኃኒት፣ ክፉውንም ደጉንም
ከመቅኔው ጠራርጎ የበላ።
ያው አቧራ ገባ። ያው ሰም ቀለጠ። ያው ግድግዳ ታየ።
ዘበኛው ጮኸ፤
ጮኸ፤
ከጎዳናው ማንም ብቅ አላለ።

በሦስተኛው ሳምንት አክታውን አመጡልኝ።
ዐይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ጣልኩ፦
ክር፤ ከክሩ ባላ፤ ከባላው ላይ ሌላ ባላ።
ነጭ ሕዋስ ፈለግሁ። ሁለት አገኘሁ።
ሰባት ዓመት ሙሉ የተሰወረኝ ወርቅ
ያንለት ባንዴ ታየኝ።
ምነው ባልታየኝ።

አንሙት ነው ያመጣው፣ በዚያው ትከሻው፣
እንደ ኩንታል ሳይሆን፣ እንደ እንቁላል።
ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣
“አንድ አቧራ እኮ ነው የተነፈስነው” ይላል፤
“አንድ በር። አንድ ቀን።”

መልስ አልሰጠሁትም። ደረቱን አየሁት፣
ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፤
ያን ሰዓት ራሱ፣ እዚያ ውስጥ፣ የአንድ ቀን ልጅ
መረቡን እየፈታለት ነበር፤
እሱ ግን የሚያየው
ልየው የገባበትን በር።